ድካሙ ላራሹ፣ ቼኩ ለባለመሬቱ

(ከዚህ በታች የምታነቡት በአሜሪካ በአርካንሶ ክፍለ ሀገር ለብዙ ዓመታት የኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረጉት ንግግር ነው። ለአምዱ እንዲመች በመጠኑ አሳጥረነዋል። ዝግጅት ክፍሉ)



እንድናገር የተጋበዝኩት የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬው ስለሚከፍለው ድጎማ ነው። ርዕሱን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው፣ «አንተ ሰውዬ፣ የኛ ገበሬ በሬው በዕዳ ሲነዳበት የፈረንጅ ገበሬ ድጎማ ምን ያደርግልናል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እስቲ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ደጃፍ ይመጣል።

ጭላሎና ፖይንሴት

እኔ የተወለድኩት አርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ ነው። አባቴ ጭሰኛ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መሆኑ ነው፣ ባለመሬቱ በፈረስ መጥቶ «ከመኸር በኋላ ሌላ ቦታ ፈልግ» አለው። አባቴ ምን አጠፋሁ ብሎ አልጠየቀም። ምክንያቱን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ትራክተር ገብቷል።

በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ዘመን በስዊድን እርዳታ «ካዱ» የሚባል የልማት ድርጅት ጭላሎ ውስጥ ተቋቁሞ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ያከፋፍል ነበር። ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። ሆኖም አዲሱ ዘር ምርቱን ሲያበዛው መሬቱ ዋጋ አወጣ። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ባለመሬቱ «ለምን ከጭሰኛ ጋር እካፈላለሁ?» አለ። የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነጻ ይገባ ነበርና ትራክተሩ ረከሰለት። ድርጅቱ በኋላ ብድሩን ለትንንሾቹ ብቻ ለማድረግ ሞክሯል፤ ጭሰኛውን ከመፈናቀል የሚከለክል ሕግ ግን አልነበረም። ለገበሬው ተብሎ የመጣው በረከት ገበሬውን ከቀዬው አስነሳው። «መሬት ላራሹ» የተባለው በከንቱ አልነበረም።

ምን አለፋችሁ፣ እኔም በ1970ዎቹ መጨረሻ በሱዳን በኩል ወጥቼ አሜሪካ ገባሁ። ዕጣዬ አርካንሶ ላይ ወደቀ። ሥራ ያገኘሁት ከሩዝ መረከቢያ ጎተራ ነው። መኪናው ሲመጣ እመዝናለሁ፣ የእህሉን እርጥበት እለካለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የአባቴን ታሪክ ብነግራቸው ሳቁ። የሳቁት ግን በደስታ አልነበረም። «የኛን ታሪክ ማን ነገረህ?» አሉኝ።

እሳቸው የተወለዱት ፖይንሴት በሚባል ካውንቲ ነው። ካውንቲ ማለት እኛ ወረዳ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ፖይንሴት በአርካንሶ ሰሜን ምሥራቅ ያለ፣ ዛሬ 23 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርበት፣ ሩዝ፣ አኩሪ አተርና ጥጥ የሚታረስበት የገጠር ካውንቲ ነው። የአሜሪካን ሩዝ ግማሽ ያህሉን የሚያመርተው አርካንሶ ነው፤ ፖይንሴት ደግሞ ከአርካንሶ ዋነኞች አንዱ ነው። የመንግሥት ቼክም በየዓመቱ በብዛት ይገባበታል።

የመጀመሪያው ቼክ ማን እጅ ገባ?

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ ፓውንድ ጥጥ 17 ሣንቲም ያህል ያወጣ ነበር፤ በ1932 ወደ 6 ሣንቲም ወረደ። ገበሬው ባንክ ወረሰው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሥልጣን እንደያዙ የእርሻ ማስተካከያ ሕግ አወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ምርት ከበዛ ዋጋ ይወድቃል፣ ስለዚህ ገበሬው ጥቂት እንዲያመርት እንክፈለው። ጥጡ ቀድሞ ተዘርቶ ስለነበር በዚያው ክረምት 10 ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ማለትም 4 ሚሊዮን ሔክታር ግድም የበቀለ ጥጥ ተገልብጦ ታረሰ። ላጠፋበትም መንግሥት ከፈለ።

ለማን ከፈለ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ! በደቡቡ አሜሪካ ጥጡን የሚዘራው፣ የሚኮተኩተውና የሚለቅመው የእኩል አራሹ ነበር። ጥቁርም አለበት፣ ድሃ ነጭም አለበት። ውሉን ከመንግሥት ጋር የሚፈርመው ግን ባለመሬቱ ነው። ቼኩም በብዛት የሚሄደው ወደ ባለመሬቱ ነው። ውሉ ለአራሹ ድርሻውን ስጠው ይላል፤ ሰጠ አልሰጠም ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ቅሬታ የሚሰማው የካውንቲው ኮሚቴ ነው። በኮሚቴው ላይ የተቀመጡት እነማን ናቸው? ባለመሬቶቹና ወዳጆቻቸው! ከሳሽም ዳኛም አንድ ሲሆን ለማን አቤት ይባላል?

ውሉ ባለመሬቱ «እስከተቻለ ድረስ» የጭሰኞቹን ቁጥር እንዳይቀንስ ያዛል። «እስከተቻለ ድረስ»! እኛ አገር በሕግና በመመሪያ ውስጥ ይህን ሐረግ ስንቴ አይተነዋል? ባለመሬቱ አልቻልኩም አለ፤ አለቀ። የሚታረሰው መሬት ሲቀንስ የሚያስፈልገው አራሽም ቀነሰ። በመጣው ቼክ ትራክተር ተገዛ። ትራክተሩ ደግሞ የቀረውን አራሽ አስወጣ። እኚያ አዛውንት «የመንግሥት ገንዘብ ከቤታችን አባረረን» ሲሉ ነገር ማጋነናቸው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1934 ታይሮንዛ በምትባለው የፖይንሴት ትንሽ ከተማ አቅራቢያ 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች ተሰብስበው የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበርን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤች. ኤል. ሚቸል የልብስ እጥበት ቤት ነበራቸው፤ ሌላው ክሌይ ኢስት ደግሞ ጎናቸው ነዳጅ ይሸጡ ነበር። ነጭና ጥቁር በአንድ ወንበር መቀመጥ ነውር በሆነበት አገር በአንድ ማኅበር መቀመጣቸው ራሱ ወንጀል ተቆጠረ። ስብሰባቸው ተበተነ፣ አባላት ተደበደቡ፣ ከቤት ተባረሩ።

ዋሽንግተን ምን አደረገ? በእርሻ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በጄሮም ፍራንክ የሚመሩ ወጣት የሕግ ሰዎች ነበሩ። እነሱ «ውሉ ጭሰኛው ከመሬቱ አይነቀል ማለት ነው» ብለው ተረጎሙ። የደቡብ ባለመሬቶችና ወኪሎቻቸው ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1935 ፍራንክና ከባልደረቦቻቸው የተወሰኑት ከሥራ ተባረሩ። የእርሻ ሚኒስትሩ ሄንሪ ዋላስም ተስማሙበት። ለአራሹ የቆመ ተሰናበተ፤ ቼኩ መንገዱን ቀጠለ።

ዛሬስ እንዴት ይሰላል?

«ያ የድሮ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የእኩል አራሹ ከፖይንሴት ጠፍቷል። ዛሬ አንድ ገበሬ በትልልቅ መሣሪያ በሺህ የሚቆጠር ኤከር ያርሳል፤ አብዛኛው መሬት ደግሞ ኪራይ ነው። የድጎማው ስሌት ግን አሁንም ከመሬቱ መዝገብ ጋር የታሰረ ነው።

ሩዝን እንውሰድ። ሕጉ የማመሳከሪያ ዋጋ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ሕግ ለ100 ፓውንድ ሩዝ 14 ዶላር አስቀምጦ ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ ወደ 16.90 አሳድጎታል። የገበያው ዋጋ ከዚያ ሲወርድ ልዩነቱን መንግሥት ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ዘንድሮ በተዘራው ላይ አይደለም፤ ድሮ በመዝገብ በሰፈረው «መነሻ መሬት» 85 በመቶ ላይ ነው። ለምሳሌ ልዩነቱ 2 ዶላር፣ የተመዘገበው ምርት በኤከር 50 መቶ ፓውንድ፣ መነሻ መሬቱ 1,000 ኤከር ቢሆን፣ ክፍያው 85,000 ዶላር ይመጣል። በዚያ መሬት ላይ ዘንድሮ አኩሪ አተር ቢዘራም ክፍያው የሩዝ ነው።

ቼኩ በሕግ የሚሰጠው የእርሻውን ኪሣራና ትርፍ ለሚሸከመው ነው። ተከራይ ገበሬ ከሆነ ለተከራዩ ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን ባለመሬቱ ሞኝ አይደለም፤ ይህ መሬት ስንት ቼክ እንደሚያመጣ ያውቃል። ውሉ ሲታደስ ኪራዩን ይጨምራል። እኔ ጎተራው ላይ ሳለሁ ተከራይ ገበሬዎች ሲያወሩ የምሰማው ይህንኑ ነበር፤ ቼኩ በአንድ እጅ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

በሐቅ እንነጋገር። ድጎማ በጠቅላላ ሌብነት ነው አልልም። እርሻ በሰማይና በገበያ መካከል የተንጠለጠለ ሥራ ነው። በመጥፎ ዓመት ቼኩ ባይመጣ ኖሮ መሬታቸውን የሚያጡ ታታሪ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ቼክ ለምን ተሰጠ ብዬ አልከራከርም። የኔ ጥያቄ የማን ስም ተጽፎበታል ነው።

የገና ዛፍና የሙታን መዝገብ

ሕጉ ለአንድ ሰው የሚከፈለው ጣሪያ አለው፤ 125 ሺህ ዶላር ነበር፤ የ2025ቱ ሕግ 155 ሺህ አድርሶታል። ታዲያ ብልጦቹ ምን ያደርጋሉ? አንዱን እርሻ በሽርክናና በኩባንያ ይከፋፍሉታል። ሥዕሉ ሲሠራ ከላይ አንድ፣ ከሥሩ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ስለሚሆን «የሚሲሲፒ የገና ዛፍ» ይሉታል። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ቼክ ይንጠለጠላል። የ2018ቱ ሕግ ደግሞ በቤተሰብ እርሻ ውስጥ የአጎትና የአክስት ልጅ፣ የወንድምና የእኅት ልጅም እንዲቆጠሩ ፈቀደ። ዝምድና የምናበዛው እኛ ብቻ ይመስለን ነበር!

ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ መርምሮ፣ ከ2000 ወዲህ ቢያንስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ጭራሽ ለማያርሱ ሰዎች መከፈሉን ጻፈ። ቴክሳስ ውስጥ ድሮ ሩዝ በታረሰበት መሬት ላይ ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ ሩዝ የሚያውቁት በሳህን ብቻ የሆኑ ሰዎች ቼክ ይደርሳቸው ነበር። በ2007 ደግሞ የምክር ቤቱ የሂሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ1999 እስከ 2005 ባለው ጊዜ 1.1 ቢሊዮን ዶላር በ172,801 ሙታን ስም መከፈሉን አስታወቀ። ከፊሉ በሕግ የተፈቀደ የውርስ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ግን ከገንዘቡ 40 በመቶው የሄደው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሞቱ ሰዎች ስም ነው። የሞተ ሰው አያርስም። መዝገብ ግን ያርሳል!

ቼክ የተነፈጉትስ? እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካ ውስጥ 925 ሺህ ያህል ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። በ1992 ቆጠራ የቀሩት 19 ሺህ አይሞሉም። ከምክንያቶቹ አንዱ ያ የካውንቲ ኮሚቴ ነው። ለነጩ ብድሩ ለዘር ይደርሳል፤ ለጥቁሩ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። ቲሞቲ ፒግፎርድ የተባሉ ገበሬና ጓደኞቻቸው መንግሥትን ከሰሱ። በ1999 ስምምነት ተደርሶ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ተከፈለ። ብዙዎቹ ግን መሬታቸውን ካጡ ቆይተዋል። ካሣው መሬት አይመልስም።

መዝገቡን ማን ከፈተው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ይህን ሁሉ አኃዝ ያወቅሁት እኔ ሰላይ ሆኜ አይደለም። መዝገቡ ስለተከፈተ ነው። በገዛ ፈቃዱ የተከፈተ ግን እንዳይመስላችሁ። ዋሽንግተን ፖስት የጥጥ ድጎማ የተቀበሉትን ሰዎች ስም ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። መንግሥት «የግል ጉዳይ ነው» አለ። ጋዜጣው ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ፍርድ ቤቱ «የሕዝብ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ስሙ ይታወቅ» የሚል ውሳኔ ሰጠ። በ2001 ደግሞ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ዝርዝሩን በየካውንቲው፣ በየስሙ፣ በየዶላሩ አውጥቶ ለሕዝብ ዘረጋው።

ያን ጊዜ እኔ አርካንሶ ነበርኩ። ሰዉ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ የጎረቤቱን ስም ይፈልግ ነበር። ዕውቁ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስኮቲ ፒፐን አርካንሶ ላለው መሬት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ መቀበሉ ተነበበ። ሕገወጥ አልነበረም፤ መሬቱን ሳያርስ ለመተው በሕግ የተከፈለው ነው። ግን ሚሊዮነሩ ተጫዋች ከድሃው ግብር ከፋይ እንደሚቀበል ያኔ ነው የታወቀው። ከ1995 ወዲህ ከተከፈለው የሰብል ድጎማ ከሦስት አራተኛው በላይ ከፍተኛ ክፍያ ለሚያገኙት 10 በመቶ ተቀባዮች መሄዱም የታወቀው ከዚያው ዝርዝር ነው።

ምን ለውጥ መጣ? በዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል፣ ዘራህም አልዘራህም ይከፈል የነበረው ቀጥታ ክፍያ በ2014 ሕግ ቀረ። ዝርዝሩ ብቻውን አላስቀረውም፤ የበጀት ጉድለትም ነበረበት። ነገር ግን ስሙ ከተነበበ በኋላ ቆሞ የሚከራከርለት ጠፋ። ገንዘቡ በሌላ በር መመለሱንም አልደብቃችሁም። በ2008 የወጣው ሕግም ገበሬው ስለ እርሻው ለመንግሥት ከሚሰጠው መረጃ ከፊሉን መልሶ ቆልፎበታል። መዝገብ አንዴ ተከፈተ ብሎ የሚተኛ ይታለላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አሁን ለወዳጄ ጥያቄ መልስ ልስጥ። ምን ያደርግልናል?

ታናሽ ወንድሜ እዚያው አርሲ ቀርቷል። ከራሱ ማሳ ሌላ የአንድ ሰው መሬት በእኩል ያርሳል። ሰውዬው ከተማ ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው። መዝገቡ ግን አሁንም እዚያው መንደር ያኖረዋል። በ1989 ዓ.ም. የማዳበሪያ ድጎማ ሲነሳ ወንድሜ ሙሉውን ዋጋ በዕዳ ገዝቶ ዝናብ ሲቀር አንድ በሬው ተነዳበት። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር መንግሥት በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ደጉሟል። እሰየው! ግን ለዚያ መሬት የተመደበው ማዳበሪያ የሚወጣው በባለይዞታው ስም ነው። ሰውዬው ከከተማ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ለወንድሜ ላዩ ላይ ጨምሮ ይሸጥለታል። የመንግሥት ድጎማ የከተሜው ትርፍ ሆነ።

ወንድሜ ሄዶ፣ «ጌቶቼ፣ የዚህ ቀበሌ ዝርዝር ይታየኝ፣ ማን ስንት ኩንታል ወሰደ?» ቢል፣ «የመንግሥት ሰነድ ነው፤ አንተን አይመለከትም» አሉት። ሲያርስ ይመለከተዋል፤ ዕዳ ሲከፍል ይመለከተዋል፤ ሲያነብ ግን አይመለከተውም!

እስቲ እጃችሁን አውጡ። ከእናንተ መካከል የአንድ ቀበሌ የማዳበሪያ ድጎማ ዝርዝር በስምና በኩንታል ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ያየ አለ? (በአዳራሹ ውስጥ እጅ ያወጣ አልነበረም፡ ዝግጅት ክፍሉ)

እኔ አሜሪካንን ምሰሉ ለማለት አልመጣሁም። ታሪኩን ሰምታችኋል፤ ጉዱ የትየለሌ ነው። ገንዘብ ሞልቶ የተረፈው፣ ፍርድ ቤትና ጋዜጣ ያለው አገር እንኳ የሙታን ስም ይዞ ሲከፍል ከኖረ፣ ዝርዝሩ በመሳቢያ ተቆልፎበት ያለ አገር ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው አስሉት። ፖይንሴት ላይ አራሹ የተሸነፈው ገንዘብ ስላነሰ አልነበረም። ገንዘቡ መጥቶ ነበር። የተሸነፈው ስሙ መዝገቡ ላይ ስላልነበረና መዝገቡን ማየት ስላልተፈቀደለት ነው። አባቴም እንዲሁ።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ወረቀት፣ አራት ምስማር። የባለይዞታው ስም፣ የአራሹ ስም፣ የኩንታሉ ብዛት፣ የተከፈለው ዋጋ። በየዓመቱ፣ ከዘር በፊት፣ በየቀበሌው ይለጠፍ። ማንበብ የማይችል ልጁ ያነብለታል። የቀረውን ጎረቤት ይጨርሰዋል፤ ማን እንደሚያርስና ማን እንደማያርስ ከጎረቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም።

መሬት ላራሹ ካልን ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ድጎማውስ ለማን ነው? መልሱ ይለጠፍ።